አንብቦ መፈረም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ መምህራችን የተነበበ ንግግር)



ኮሚቴው ይኸን ንግግር እንድናደርግ ሲጠይቀን ንግግር አዋቂ አለመሆናችንን ገልጸን ነበር። ትምህርታችን እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ከ30 ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ተቀምጠን ‹‹እናሳስባለን››፣ ‹‹እንገልጻለን›› እያልን ስንጽፍ ስለኖርን፣ ጡረታ ከወጣንም በኋላ ስለ ራሳችን ስንናገር ‹‹እኛ›› ማለቱ አልለቀቀንም። በትዕቢት እንዳትቆጥሩብን አደራ።

ዛሬ የምንናገረው ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ስለተለዩት መምህራችን ነው። ስማቸውን በጽሑፍ አላሰፈርንም፤ በሕይወት ሳሉ ስማቸው በአደባባይ ሲነሣ አይወዱም ነበርና። እኛ ‹‹የኔታ›› እንላቸው ነበር፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃቸዋል። ደግሞም ጉባኤው ዛሬ የሚወስነው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ በየዓመቱ በጉባኤ ፊት መነበቡ ይቅር የሚል ሐሳብ ነው። ደንቡ ታትሞ በየቤቱ ታድሏል፣ ንባቡም አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብሏል። የኔታን ማስታወስና ይኸ ጉዳይ ለየቅል ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። እስኪ በትዕግሥት አዳምጡን።

እኛ የተወለድነው በ1950 ዓ.ም. በባንጃ ገጠር፣ ከኮሶበር ፈንጠር ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ዛሬ እንጅባራ የምንላትን ከተማ ያን ጊዜ ሰዉ ኮሶበር ይላት ነበር። አገራችን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የአገው ምድር አውራጃ ሲሆን የአውራጃው ከተማ ዳንግላ ነበረች። አባታችን ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። አንድ ክረምት ሁለት ቁና እህል ተበድረው በወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ። በመከር ጊዜ ወረቀቱ ሲነበብ አራት ቁና ይል ኖሯል። ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማ ጠፋ፤ ‹‹ጣትህ ይኸው አይደለም እንዴ›› ተባሉ። አራቱን ከፈሉ። እኛ ትንሽ ልጅ ብንሆንም ጣታቸውን ባተሙ ዕለት በሣር እየጠረጉ ወደ ቤት ሲመለሱ አይተናቸዋል። ቀለሙ ብዙ ቀን አልለቀቃቸውም ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኛ የ21 ዓመት ጎረምሳ ነበርን፤ ከብት ስንጠብቅና ስናርስ ስላደግን አንዲት ፊደል አናውቅም። ዘመቻው ተማሪውንም መምህሩንም አሰማርቶ፣ ሽማግሌውን ከልጅ ልጁ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ያስቀመጠ ትልቅ ሥራ ነበር። መጻሕፍቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጅተዋል። በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም አገራችን በዚሁ ሥራዋ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። ይሁንና ከ15ቱ ቋንቋዎች ውስጥ የኛ አገውኛ አልነበረም። የምንማረው በአማርኛ ነበር።

የመማሪያ ጣቢያችን የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ነበር፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ መብራቱ ኩራዝ። ዝናቡ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም። ገሳችንን በሩ ላይ ሰቅለን፣ እግራችን ጭቃ እንደያዘ እንቀመጣለን። የኔታ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጡ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበሩ። ቁጡ ናቸው። ያረፈደውን በር ላይ ያቆሙታል፤ ዝናብ ቢዘንብም ያቆሙታል። ይኸንን ሳንደብቅ የምንነግራችሁ እርሳቸውም በስተርጅና ‹‹በዚያስ በድያችኋለሁ›› ይሉን ስለነበረ ነው።

ሁለት ወር ያህል ሀ ሁን እንደ በቀቀን ደገምን። አንድ ማታ አንዲት እናት መስመሩን ሳይሰናከሉ አነበቡ። የኔታ ደስ ብሏቸው ‹‹ምን ማለት ነው?›› ቢሏቸው እኒያ እናት ሣቁና ‹‹እሱን እርስዎ ያውቃሉ እንጂ እኔ ምን አውቄ!›› አሉ። የኔታ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ‹‹ይኸ ንባብ አይደለም፣ ጩኸት ነው›› አሉና ለእያንዳንዱ ቃል የአገውኛውን እየጠየቁን ከአማርኛው ጎን በሰሌዳው ላይ ይጽፉ ጀመር። ያዘዛቸው የለም። እኛ ፊደል ስንማር እርሳቸው ቋንቋችንን ተማሩ።

አንድ ቀን የቋንቋችንን ስም እኛው እንደምንጠራው አድርገው ሊጽፉ ፈለጉ። በመካከሉ ያለውን በአፍንጫ በኩል የሚወጣውን ድምፅ የሚያህል ፊደል አጡ። ን አሉ፣ አልሆነም፤ ኝ አሉ፣ አልሆነም። ‹‹231 ፊደል ይዘን ለእናንተ አንድ እንጣ!›› አሉና ን እና ግን አቀራርበው ጽፈው ከሥራቸው አሰመሩባቸው። ሲያነቡትም ተሳሳቱ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እርሳቸውም ስቀው ስቀው ‹‹በኔ ስሕተት እንደሣቃችሁ በራሳችሁም ሣቁና ቀጥሉ፤ የሚያፍር አይማርም›› አሉን። ዛሬ ያ ድምፅ የራሱ ፊደል አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ የዞናችን ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአገውኛ ሲማሩ ስናይ፣ ያቺ የተሰመረባት ጽሕፈት ትዝ ትለናለች።

ከመሠረተ ትምህርቱ በኋላ በማታ ትምህርት ቤት ቀጥለን በ1977 ዓ.ም. 6ኛ ክፍልን ጨረስን። በየኔታ ምክር ማመልከቻ አስገብተን መጀመሪያ በመልእክተኛነት፣ ቀጥሎም በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠርን። ዛሬ በእድራችን ውስጥ ‹‹ጸሐፊው›› የምትሉን ከዚያ ተነሥተን ነው። ይኸ ብቻ ቢሆን ግን ፊደል አስተማሩን ብለን አመስግነን እንቀመጥ ነበር። ትልቁን ትምህርት ያስተማሩን ፊደል ካወቅን በኋላ ነው።

በ1979 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ነጋዴና አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው መጡ። ሽማግሌው ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ኖሮ ምስክር ሁነን ተባልን። ነጋዴው ሁለት ብር ‹‹ለሻይ›› ብሎ ሰጠን። እኛም የሽማግሌውን አውራ ጣት ይዘን በማኅተም ቀለም ነክረን አተምን፤ ከሥርም በሚያምር ጽሕፈት ስማችንን ጽፈን ፈረምን። በዚያ ፊርማችን እንኮራ ነበር፤ ምን እንሸሽጋችኋለን።

ሰዎቹ ሲወጡ የኔታ ገቡ። ሽማግሌው ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አይተዋቸው ኖሯል።

‹‹ወረቀቱ ምን ይላል?›› አሉን።

‹‹የባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው አሉ።››

‹‹አሉ? አንተስ አላነበብከውም?››

ዝም አልን።

‹‹እንግዲያው ሽማግሌውም በጣታቸው ፈረሙ፣ አንተም በጣትህ ፈረምክ›› አሉና ያዘዙትን ሻይ ሳይጠጡ ወጡ።

ከዚህ የበለጠ ቃል አልተናገሩም። ጥፊ ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ ይረሳ ነበር። ወዲያው ተነሥተን ነጋዴውን ከፈረስ ገበያው አጠገብ አገኘነው። ሁለቱን ብር መልሰን ወረቀቱን እንዲያሳየን ለመንነው። ስናነበው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውንም ጭምር ለዘለቄታው ሸጫለሁ ይላል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ የምታውቁት ነው፤ ሽማግሌው ግን በቃል የተስማሙት ለአንድ ቆረጣ ነበር። ነጋዴውን ልንቆጣው ስንል ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ እርሱም በቅጡ ማንበብ አይችልም! ማመልከቻ ጸሐፊው እንደ ልማዱ የጻፈለትን ተቀብሎ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው ምስክርም እንደኛው ሳያነብ ነበር የፈረመው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ወረቀት ዙሪያ አራት ሰው ቆሞ ወረቀቱን ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ዝናብ እየወረደብን ግማሽ ቀን ተጉዘን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ቃል በቃል በአገውኛ ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙንና ‹‹ልጄ፣ ጣቴን ስትይዝ ይኸን አፍህን የት አስቀምጠኸው ነበር?›› አሉን። መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ታየ። የኔታ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከሰው ተውሰው ይዘው መጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸ ሕግ በቁጥር 1728 ላይ የሚለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ ሊፈርም ይችላል፤ ነገር ግን በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ውሉ አያስገድደውም ነው። ለካስ ሕጉ አባታችን እህሉን በተበደሩ ጊዜም ነበረ! የሚያነብላቸው ነው የጠፋው። ነጋዴውም አልተከራከረም፤ ወረቀቱ ተቀድዶ ለአንድ ቆረጣ ብቻ የሚሆን ሌላ ተጻፈ። እኛም ቆመን ጮክ ብለን አነበብነው። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስከ ወጣንበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ ወረፋው ቢረዝም፣ አለቃ ቢቆጣ፣ ባለጉዳይ ቢሰለች፣ ሳናነብለት የማንንም ጣት በቀለም አልነካንም።

ወደ እድራችን እንመለስ። የኔታ የእድራችን ተቆጣጣሪ ሆነው በተመረጡ ጊዜ ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛው፣ አባል ሁሉ ወርኃዊ መዋጮውን ሲከፍል ከስሙ አንጻር በገዛ እጁ እንዲፈርም፤ ሁለተኛው፣ ደንቡ በየዓመቱ በጉባኤ ፊት እንዲነበብ። ያን ጊዜም ‹‹አሰልቺ ነው›› ያለ ነበር። የኔታ ግን ‹‹ሐዘን የመጣበት ሰው ደንብ አያነብም፤ ስለዚህ ሐዘን ሳይመጣ ይስማው›› አሉ። እውነታቸውን ነበር። ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ለየትኛው ቤተ ዘመድ ስንት እንደሚከፈል፣ በቀብር ያልተገኘ ምን እንደሚቀጣ አስቀድሞ ስለተሰማ፣ በለቅሶ ቤት በር ላይ የተጨቃጨቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ባለፈው ዓመት የኔታ ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው የተጠሪያቸውን ቅጽ ይዘን ቤታቸው ሄድን። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ከላይ እስከ ታች አነበብንላቸው።

‹‹ጨረስክ?›› አሉን።

‹‹አዎ፣ የኔታ።››

‹‹ከታች ያለችውንስ?››

እውነትም ከታች ‹‹ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝና ተረድቼው ፈርሜያለሁ›› የሚል መስመር ቀርቶ ነበር። አነበብነው። ብዕሩን ሰጠናቸው፤ መስመሩን ሊያገኙት አልቻሉም። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ብዕሩን መለሱልንና አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። እኛ እንባ ተናንቆን ቀለሙን ማቅረብ ዘገየን። ያንን ሁሉ ሰው ከጣት ፊርማ ያወጣ ሰው በጣቱ ሊፈርም! እርሳቸው ግን ‹‹ምን ያሳፍርሃል? ተነቦልኛል እኮ›› አሉን።

የተከበራችሁ አባሎች፤ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ በጣት መፈረም ውርደት ነው ብለን ስናስብ ኖረናል። የኔታ በመጨረሻዋ ሰዓታቸው አርመውናል። ውርደቱ ጣቱ ላይ አይደለም፤ ሳያነቡና ሳይነበብ መፈረሙ ላይ ነው። ዛሬ ከመካከላችን ዓይናቸው የደከመ፣ ፊደል ያልቆጠሩም አሉ፤ ለነሱ የታተመ ደንብ በቤታቸው መኖሩ ምን ያደርግላቸዋል? ፊደል የቆጠሩት ወጣቶቻችንም ቢሆኑ በስልካቸው ላይ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ ‹‹እስማማለሁ›› የሚለውን ሳያነቡ ሲነኩ እናያለን። በምናቸው ነው የሚነኩት? በአውራ ጣታቸው!

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። አንደኛ፣ የደንቡ ንባብ እንዳይቀር። ሁለተኛ፣ ከአማርኛው ቀጥሎ በአገውኛም እንዲነበብ፤ የኔታ በዚያ የቀርከሃ አዳራሽ ያደረጉት ይኸንኑ ነበርና። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ከወጣቶቻችን አንዱ እንዲያነብ። ሰዓቱ ረዘመ ለሚሉ፣ ንባቡ ሲያልቅ ቡናው ይጠብቃቸዋል።

ጉባኤው የመሰለውን ይወስን። እኛ ግን እጃችንን ከማውጣታችን በፊት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጊዜ እንዲነበብልን እንጠይቃለን።

የመምህራችንን ነፍስ ይማርልን።