ልማዳችንና ድንበራችን



በኦቾሎ ዱቡሻ የተቀመጠ ሰው፣ ያልተጻፈ ሥርዓት እንዴት እንደሚኖር ያውቃል። ማን እንደሚመርቅ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር የሚነግረው ወረቀት የለም። የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ሙዝ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ዘለላው እንዳይቀጠቀጥ መኪና ላይ እንዴት እንደሚደረደር የሚያውቀው ደብተሩ ሳይሆን የአስጫኙ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ነባር አስጫኝ ለቀቀና ጎበዝ ልጅ ተተካ፤ የመጀመሪያው ጭነት ግን ጠቋቁሮ ደረሰ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ያላስተማርነው እኛ ነን።

ሌላው ነገር ድንበር ነው። ሮናልድ ኮዝ የተባለ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ድርጅት የትኛውን ሥራ በራሱ ይሥራ፣ የትኛውን ከገበያ ይግዛ ብሎ ጠይቋል። በአገራችን በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ድንበሩን ገፍቶ ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዥ መሸጥ ጀመረ። ለዚህም ቡና መቅመስን፣ ውል መዋዋልን መልመድ ግድ ነበር።

እኛ ዘንድም መኪናና የሙዝ ማብሰያ ክፍል እንግዛ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። ልቤ ይደግፈዋል። ዳሩ ግን ሙቀቱን የሚጠብቅና አዲስ አበባ ላይ ዱቤ የሚሰበስብ ሰው ሳናሰለጥን ክፍሉን ብቻ ብንሠራ፣ ዛሬ ነጋዴው የሚሸከመውን ኪሳራ ወደ ቤታችን እናስገባለን። ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው፦ ዘንድሮ ሁለት የአባላት ልጆች ሙዝ ማብሰሉን ይማሩ፤ የመኪናው ግዥ ለከርሞ ይቆይ።