የሕግ ትምህርት በሥራ ሲፈጸም



ትምህርት በመጽሐፍ ይጀመራል፤ በሥራ ይፈጸማል። የዜማ ተማሪ ድጓውን ቢያጠና በማኅሌት ቆሞ ካልታየ መሪጌታ አይባልም። እንዲሁም የሕግ ተማሪ አንቀጹን በቃሉ ቢይዝ፥ የተበደለ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ ነገሩን ሲያስረዳ ካልሰማ ዕውቀቱ ጎደሎ ነው።

በቀድሞ ዘመን ሙግት የሚማር ወጣት ከአደባባይ ቆሞ የበላ ልበልሃን ክርክር እየሰማ ይለምድ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ ግን ሕግ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። ተማሪው መጽሐፉን ዐውቆ ችሎቱን ሳያይ እንዳይመረቅ በ1998 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ሲሻሻል፥ በፍርድ ቤትና በመሰለው መሥሪያ ቤት ሥራ የሚለማመድበት ጊዜ፥ በመምህሩም ተቆጣጣሪነት ለድኾች ምክር የሚሰጥበት ትምህርት ተመደበለት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ያለ ዋጋ የሕግ ርዳታ ይሰጣል።

ይህ ለጫግኒ ሰው ምን ይጠቅማል ቢባል፥ በምሳሌ ይታያል። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ስለ እርሻ ይዞታዋ ተከራክራ ቢፈረድባት፥ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የምትልበትን ጊዜ 60 ቀን ብሎ ወስኖታል። እርስዋ ግን ይህን ሳታውቅ አዝመራዬን ልሰብስብ ብላ ብትቆይ ቀኑ ያልፋል፤ እውነት ይዛ ይዞታዋን ታጣለች። ደግሞ ያው ሕግ የዳኝነት መክፈል ያልቻለ ሰው ድኽነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ይህንም የሚነግረው ያጣ ድኻ በገንዘብ እጦት ከቤቱ ይቀራል።

ተማሪውም ከእርስዋ ይማራል። ሴቲቱ ነገርዋን በአንቀጽ ከፍላ አትናገርም፤ ከኀዘንዋ፥ ከዘመድ ጠብና ከድንበሩ ድንጋይ ጋራ አደባልቃ፥ ምናልባትም በአገውኛ ትናገራለች። ከዚህ ሁሉ ለዳኛ የሚጠቅመውን ለይቶ ማውጣት ከችግረኛ ጋራ በመቀመጥ እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ነገር ግን ርዳታው የሚጠቅመው በጊዜ ሲደርሱበት ነው። ስለዚህ መምህሩ ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ የፍርዱን ግልባጭ አንብቦ ቀኑን ይቍጠርለት፤ የይዞታ ደብተሩንና የምስክሮቹን ስም አስይዞ ወደ ሕግ ዐዋቂ ይምራው። ሽማግሎችም ዕርቅ መልካም ነውና ያስታርቁ፤ ይሁን እንጂ ዕርቁ ሲጓተት የይግባኙ ቀን እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ቀን ካለፈ በኋላ ኃይለኛው ወገን ለዕርቅ አይቸኩልምና። ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።