ፈቃዱን ያከራየ መሐንዲስ



ከገራዶ ሆኖ ወደ ደሴ ቀና ብሎ የሚያይ መሐንዲስ የሙያውን ክብደት ለመረዳት ብዙ ማንበብ አያስፈልገውም። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ የመሬት መንሸራተት ያሰጋታል። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ደግሞ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የተነሣው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል። በዚህ ምድር አፈር ሳያስመረምሩ መሠረት ማውጣት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

እንዲህም ሆኖ በሙያው ውስጥ ላይሰንስ ማከራየት የሚሉት ልማድ አለ። ተቋራጩ ደረጃውን ለማሟላት የመሐንዲሱን ፈቃድ ወስዶ ያስመዘግባል፤ ባለ ፈቃዱ ሳይቱን ሳይረግጥ ገንዘቡን ይቀበላል። በኮለኑ ጫፍ ላይ ስታፋው (ዘንጎቹን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት) ተቀራርቦ መታሰሩን የሚያጣራ ሳይኖር አርማታው ይሞላል። ከተሞላ በኋላማ ማን ያየዋል?

ሕጉ ይህን ኪራይ አያውቀውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል። በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ላስረከበው ሕንፃ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ከአፈሩ ጠባይ ነው ማለትም አያድነውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ይበረታል፦ የሌላውን ደህንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሕይወት ቢያጠፋ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል፤ የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ሳያጣሩ ማኅተም ማሳረፍ ምን እንደሚያስከትል ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ፣ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት የመተላለፊያ ድልድዮች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም ድልድዮች የሚንጠለጠሉት ከላይ እስከ ታች በሚወርድ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ነበር። በኋላ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በዚህ ብቻ የላይኛው ማያያዣ ጭነት እጥፍ ሆነ። ስሌቱ እንደገና ሳይሠራ ለፋብሪካ ሥራ በተዘጋጀው ዝርዝር ንድፍ (ሾፕ ድሮዊንግ) ላይ የመሐንዲሱ ማኅተም አረፈ። በወንጀል የተቀጣ የለም፤ የሚዙሪ የፈቃድ ቦርድ ግን የሁለቱን ኃላፊ መሐንዲሶች ፈቃድ ሰረዘ። ከሁለቱ አንዱ፣ የመዋቅር ንድፉን የሠራው አማካሪ ድርጅት መሪ ጃክ ጊለም፣ ከዓመታት በኋላ በሙያ ጉባኤዎች እየቆመ ስለዚያ ስህተት ለሌሎች መሐንዲሶች ተናግሯል።

ከዛሬዎቹ የምሕንድስና ተመራቂዎች ለአንዳንዶቹ ስልክ ደውሎ ላይሰንስ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሳይቱ የት እንደሆነና የአፈር ምርመራው ውጤት በማን እጅ እንዳለ ያኔውኑ ይጠይቁት።