ቫይታሚን ዲ፦ ከፀሐይ ወይስ ከመድኃኒት?

ዛሬ ስለ ቫይታሚን ዲ እናወራለን።

ቫይታሚን ዲ ሥራው ምንድን ነው? እህል የጫነች አህያ ደጃችሁ ደረሰች እንበል። የሚያራግፍ ሰው ከሌለ እህሉ ጎተራ አይገባም። በምግብ የምናገኘው ካልሲየምም እንዲሁ ነው። ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። እሱ ሲጎድል የልጅ አጥንት ይለሰልሳል፤ እግሩም ይቆለመማል። ይህ ሕመም ሪኬትስ ይባላል።

ታዲያ ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ እንዴት ይጎድላል? ቆዳችን ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ፀሐይ ሲያርፍበት ነው፤ ስለዚህ ፀሐይዋ ቆዳን ማግኘት አለባታ! ብርድና ምች እንዳይመታው ተብሎ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚውል ሕፃን ፀሐይ አያገኝም። በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃንም አይጠቅመውም። የእናት ጡት ወተት ደግሞ፣ ለሕፃን ወደር የሌለው ምግብ ቢሆንም፣ ቫይታሚን ዲው ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት ለሳንባ ምች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። እባካችሁ ነገሩን ቀላል አታድርጉት።

መድኃኒቱስ? ማሳ ላይ የሚውል ጎልማሳ ባብዛኛው አያስፈልገውም። ለሕፃን፣ ከቤት ለማይወጡ አረጋዊ፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ባለሙያ አማክሩ። በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ካልሲየም በደም ውስጥ ይከማችና ኩላሊት ይጎዳል። ልጃችሁን ለክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስዱ፣ እዚያው ጠይቁ።