ነዋሪውን ሳያውቁ ቤት መሥራት፦ ስለ ወፍ ቤት ምርጫና አተካከል



 ዛሬ የምናገረው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በየጓሯችን ስለምናኖረው የወፍ ቤት ነው።

ብዙዎቻችን ቤት ስንገዛ ከጓሮ ዕቃ መደብር አንድ የወፍ ቤት አብረን እንገዛለን። ደማቅ ቀለም የተቀባ፣ ከበሩ ሥር መቆሚያ እንጨት ያለው፣ ለዓይን የሚያምር ነው። ዛፍ ላይ እንቸነክረዋለን፤ ከዚያ እንረሳዋለን። እኔ ግን የወፍ ቤት ጌጥ አይደለም እላለሁ። ማን እንደሚገባበት ሳይታሰብ የተተከለና ተመልካች የሌለው ሣጥን ባይተከል ይሻላል። ይህን የምልበትን ምክንያት በአንዲት ወፍ ታሪክ ላስረዳ።

ወፏ ኢስተርን ብሉበርድ ትባላለች። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ የሸክላ መልክ ያለው፣ ሆዷ ነጭ ነው። አጥር ወይም ሽቦ ላይ ተቀምጣ ሣሩን ትቃኛለች፤ ነፍሳት ስታይ ወርዳ ትለቅማለች። ጎጆዋን የምትሠራው በሽንቁር ውስጥ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምንቃሯ እንጨት አይፈለፍልም። ስለዚህ ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን ጉድጓድ፣ የበሰበሰ ቅርንጫፍ የከፈተውን ቀዳዳ፣ ያረጀ የእንጨት አጥር ምሰሶን ትጠብቃለች።

እነዚህን ሁሉ የወሰደባት የሰው እጅ ነው። የደረቀ ዛፍ ግቢ ያበላሻል ተብሎ ተቆረጠ። የእንጨት ምሰሶ በብረት ተተካ። በዚህ ላይ ከአውሮፓ ሁለት ባላንጣዎች መጡባት። የቤት ድንቢጥ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ብሩክሊን ውስጥ ተለቀቀች። ስታርሊንግ የሚባለው ጥቁር ወፍ ደግሞ በ1890 እና በ1891 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተለቀቀ፤ ሁለቱም በአህጉሩ ተዛመቱ። ሁለቱም በሽንቁር የሚራቡ፣ ጉልበተኞችም ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብሉበርድን ማየት ብርቅ የሆነባቸው ሥፍራዎች ብዙ ነበሩ።

መፍትሔው የመጣው ከተራ ዜጎች ነው። ሙስልማን የተባለ የኢሊኖይ መምህር በ1930ዎቹ በገጠር መንገዶች ዳር ሣጥኖችን በተርታ መትከል ጀመረ። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሎረንስ ዜለኒ ነበሩ። በግብርና መሥሪያ ቤት የሠሩ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤልትስቪል በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሣጥኖችን ተክለው ይከታተሉ ነበር።  በ1976 ስለ ወፏ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1978 የሰሜን አሜሪካ የብሉበርድ ማኅበርን መሠረቱ። በ1966 ከሜሪላንድ የፓቱክሰንት የዱር እንስሳት ምርምር ማዕከል የተጀመረው ዓመታዊ የወፎች ቆጠራም ከዚያ ወዲህ ቁጥሯ እያደገ መሄዱን ያሳያል። ሣጥን መትከል ፍሬ አለው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ፍሬ የሚያፈራው ግን በትክክል ሲመረጥ ነው። በምርጫው ዋናው ነገር የበሩ ስፋት ነው። ለብሉበርድ የሚሆነው ቀዳዳ አንድ ኢንች ተኩል፣ ማለትም 38 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ስታርሊንግ አይገባም፤ ድንቢጥ ግን ትገባለች። ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊሜትር ሲጠብ ድንቢጥም ብሉበርድም ውጭ ይቀራሉ፤ ቺካዲና ሬን የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ግን ይገቡበታል። እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ጓሯችሁን ተመልከቱ። ሰፊ፣ ሣሩ አጭር የሆነ ሜዳ ካላችሁ ለብሉበርድ አስቡ። ቤታችሁ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ፣ ድንቢጥ የበዛበት ከሆነ ጠባቡን በር ምረጡ። ድንቢጥ በሞላበት ግቢ ሰፊ በር መክፈት ለብሉበርድ ባላንጣ ቤት መሥራት ነው፤ ድንቢጥ ጫጩቶቹን ብቻ ሳይሆን እናቲቱንም ሣጥኑ ውስጥ ትገድላለች።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። እንጨቱ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ኬሚካል ያልነካው ይሁን። ወለሉ በየጎኑ ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ውስጡ ቀለም አይቀባ፤ ጫጩቶች ቧጥጠው እንዲወጡ ሻካራ ይሁን። ከጣሪያው ሥር አየር ማስገቢያ፣ በወለሉ ማዕዘኖች ውኃ ማንጠፊያ፣ ከጎን ወይም ከፊት የሚከፈት መዝጊያ ይኑረው። ከበሩ ሥር መቆሚያ እንጨት ካለ ንቀሉት። በሽንቁር የሚኖሩ የአገሩ ወፎች አያስፈልጋቸውም፤ የሚጠቅመው ለድንቢጥ ነው።

ቦታውን በተመለከተ አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ ዛፍ ወይም አጥር ላይ አትቸንክሩት። ድመት፣ ራኩን የሚባለው የዱር እንስሳና እባብ ዛፍም አጥርም ይወጣሉ። ለስላሳ የብረት ዘንግ ትከሉ፤ ከሣጥኑ በታች 60 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም የቆርቆሮ ቧንቧ አልብሱት። ይህ መከላከያ ከሌለ ሣጥኑ ለአዳኝ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ለእናንተም ለማየት ይመቻል። በሩ ዝናብና ነፋስ ከሚበረታበት አቅጣጫ ዞር ይበል፤ ጫጩቶቹ መጀመሪያ በርረው የሚያርፉበት ዛፍ ፊት ለፊቱ ቢኖር መልካም ነው።

የብሉበርድ ሣጥን ከቁጥቋጦ ይራቅ፤ ሬን ቁጥቋጦ ይወዳል፣ የጎረቤቱን እንቁላልም ወግቶ ይሰብራል። ብሉበርዶች ክልላቸውን ስለሚከላከሉ በሁለት ሣጥኖቻቸው መካከል 90 ሜትር ያህል ርቀት ይተዋል። ትሪ ስዋሎው የሚባሉት ወፎች በሚሻሙበት ሜዳ ግን ሁለት ሣጥኖችን በአምስት ሜትር ልዩነት አጣምሮ መትከል ተለምዷል። ስዋሎው ሌላ ስዋሎው አጠገቡ እንዲኖር አይፈቅድም፤ ብሉበርድን ግን ይታገሣል። ስለዚህ አንዱን ሣጥን ሲይዝ ሁለተኛው ለብሉበርድ ይተርፋል።

ጊዜውን ደግሞ አስቡ። በእኛ አካባቢ ሣጥኑ በየካቲት ወር አጋማሽ ተተክሎ ቢያልቅ ጥሩ ነው፤ ወፎቹ ቤት መፈለግ የሚጀምሩት በረዶው ሳይጠፋ ነው። እንስቷ አራት ወይም አምስት ፈዛዛ ሰማያዊ እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ከሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ ይበርራሉ። በአንድ ዓመት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ልታሳድግ ትችላለች።

ከመትከል ይልቅ የሚከብደው መጠበቅ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ሞቅ ሲል፣ መዝጊያውን ከፍታችሁ ፈጥናችሁ እዩና ዝጉ። ሰው የነካውን ጎጆ እናት ትተወዋለች የሚባለው አያስፈራችሁ፤ ለብሉበርድ አይሠራም። ጫጩቶቹ 13 ቀን ከሞላቸው በኋላ ግን አትክፈቱ፤ ደንግጠው ያለ ጊዜያቸው ሊወጡ ይችላሉ። ከበረሩ በኋላ አሮጌውን ጎጆ አውጥታችሁ ጣሉ።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1918 በወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ መሠረት እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን የአገሩን ወፎች ጎጆ ማጥፋትና እንቁላላቸውን መውሰድ ክልክል ነው። ሬን ወይም ቺካዲ ሣጥናችሁን ከያዘ ያልጠበቃችሁት እንግዳ ቢሆንም ታኖሩታላችሁ። የቤት ድንቢጥና ስታርሊንግ መጤ ስለሆኑ ይህ ሕግ አይጠብቃቸውም፤ የድንቢጥ ጎጆ ሲጀመር ማውጣት ይቻላል፤ ይገባልም። ከማውጣታችሁ በፊት ግን የማን እንደሆነ አረጋግጡ። የብሉበርድ ጎጆ የደረቀ ሣር በንጽሕና ተጠቅልሎ የተሠራ ሲሆን፣ የድንቢጥ ግን ላባ፣ ወረቀትና ሣር የተዝረከረከበት ነው።

ወፏ ጫጩቶቿን የምትመግበው ነፍሳትን ነው። ሣጥን ተክሎ ሣሩ ላይ የነፍሳት መርዝ መርጨት አይሆንም። ድመት ያላችሁም በመራቢያው ወራት ቤት አቆዩዋት።

በአገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ደን ያረጀውን ወይራና ጽድ ሳይቆረጥ ያቆያል፤ ሽንቁሩ ለወፍ ይሆናል። ያ ልማድ ከእኛ ጋር መጥቷልና እዚህም እንጠቀምበት። በግቢያችሁ ቤትን ወይም መንገድን የማያሰጋ ደረቅ ግንድ ካለ አትቁረጡት፤ ከማንኛውም ሣጥን ይበልጣል። በአፓርታማ የምትኖሩ በረንዳ ላይ ሣጥን ከመስቀል ይልቅ ሰፊ ሜዳ ላላት አጥቢያችሁ ወይም ለሠፈር መናፈሻው ሣጥን ለግሱ፤ ፈቃድም ጠይቁ፤ በተራ ለመጠበቅም ስማችሁን አስመዝግቡ።

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው፦ በየሳምንቱ ለማየት ጊዜ የሌለው አይትከል። ጊዜ ያለው ግን በዚህ ክረምት ጓሮውን ያጥና፣ ነዋሪውን ይምረጥ፣ የበሩን ስፋት ለክቶ ይግዛ፣ ዘንጉን ከነመከላከያው ይትከል። ልጆቻችሁንም መዝገብ አስይዟቸው፤ እንቁላሉን እነሱ ይቁጠሩ።