የአባቴ ላንድሮቨር እና የቶዮታው ሞተር
በማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከተመረቅክ በኋላ ስለሠራኸው ሥራ ትንሽ ብታጫውተን» ሲሉኝ ስለ ግድብ ወይም ስለ ፋብሪካ የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የአንድ አሮጌ መኪና ወሬ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ብቻ ነው።

ወረኢሉን ለማታውቁ፦ ከደሴ ተነስታችሁ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሳችሁ፣ ካቤን አልፋችሁ የምትደርሱባት ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ ጦሩ እንዲከትባት ያዘዙባት ያቺው ወረኢሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አባቴ ከደሴ ወረኢሉ ሰው ያመላልስ ነበር። መኪናው በ1962 ዓ.ም. የገዛው ላንድሮቨር ነው፤ ረጅሙ፣ ሲሪየስ 2ኤ የሚባለው። ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ 2,286 ሲሲ። አንደኛና ሁለተኛ ማርሹ ሲንክሮ ስለሌለው አባቴ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ እየረገጠ ነበር የሚቀይረው፤ እኛ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠን በአፋችን ድምፁን እናስመስላለን። ያ መኪና ጤፍ ጭኗል፣ ሙሽራ ጭኗል፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኗል፣ አስከሬንም ጭኗል። አባቴ ሲያርፍ ከቤቱ ጓሮ ቆመ። ሞተሩ ተነክሶ ነበር፤ ማንም አልነካውም። እናቴ ዶሮ አሳደረችበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያ ሲያልፍ ብዙ ነገር ጠፋ፤ እሱ ግን ከነዶሮ ኩሱ እዚያው ተገኘ። የማይነሳ መኪና ማን ይወስዳል?

ነገሩ የተጀመረው እህቴ በደወለችልኝ ቀን ነው። ባሏ ሞቶባት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። «ወንድምዓለም፣ ልጁ ልቡ ሸፍቷል። ጓደኞቹ በጅቡቲ አድርገው ባሕር ሊሻገሩ ነው፣ እሱም ገንዘብ እየጠየቀኝ ነው። ወይ ያንን መኪና አስነስተህ ስጠው፣ ወይ ደግሞ መጥተህ አንተው ሸኘው» አለችኝ። ከደቡብ ወሎ የመጣችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከየቀበሌው በየመን በኩል ሳዑዲ የሄደ ልጅ አለ፤ ከየቀበሌውም ድምፁ የጠፋ አለ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ መኪና መግዛት ነበር። ሒሳቡን ሠራሁና ተውኩት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ወርቅ ሆነ። የራሱን ሞተር ማደስስ? ፒስተኑም ፋሻውም ካርቡራቶሩም ቢገኝ በውድ ነው፣ ቢገኝ ነው። ቤንዚኑም ቢሆን በገጠር በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሸጠ የሚገዛ ነው።

የቀረው መንገድ ሞተሩን አውጥቶ ሌላ መትከል ነበር። የመረጥነው የቶዮታ 3ኤል ናፍጣ ነው፤ 2,779 ሲሲ፣ በሃይሉክስና በሃይኤስ የምታውቁት። ከዚህ የበለጠ ዘመናዊ ሞተር ሞልቷል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ያለበት ሞተር ካቤ ላይ ቢቆም ማን ያስነሳዋል? የ3ኤልን ጓርኒሲዮን ግን በየከተማው ታገኛላችሁ፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ለእኔ ዘመናዊ ማለት ይህ ነው፣ የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል።

ይህን በስልክ ሳወራው ሚኒሶታ ያለው ጓደኛችን በሳቅ ሞተ። እሱ ባለበት አገር ሰዎች በበረዶ ላይ የሚነዳውን የድሮ ሞተር ብስክሌት መሰል ነገር ያወጡና፣ ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚያጨሰውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ጥለው ባለ አራት ምት ይተክሉበታል አለኝ። ጭሱም ጩኸቱም ይቀንሳል፣ ግን አዲሱ ሞተር ስለሚከብድ አፍንጫው በረዶ ውስጥ ይሰምጣል። «እናንተም ፊቱን ተጠንቀቁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሞተሩን ስናስቀምጥ የፊቱ ወርዶ ታየን፣ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨመርን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሥራውን የያዙት ደሴ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ትምህርት ቤት በር አልረገጡም፤ እጃቸው ግን ያስባል። ከእሳቸው ጋር መጀመሪያ የተስማማነው የላንድሮቨሩ ካምቢዮ እንዲቀር ነው። ምክንያቱም የፊት ጎማውን የሚያዞረው ማከፋፈያ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘ ነው፤ የቶዮታን ካምቢዮ ካመጣችሁ በክረምት ዋልካ ላይ የፊት ጎማችሁን አጣችሁ ማለት ነው። እንግዲህ በቶዮታ ሞተርና በላንድሮቨር ካምቢዮ መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን ያስፈልጋል። «እሱን ለእኔ ተዉት» አልኩ። ኢንጂነር አይደለሁም እንዴ?

ቀዳዳዎቹን ለክቼ፣ በኮምፒዩተር ስዬ፣ ቶርኖ ቤት ላክሁ። ሽማግሌው ስዕሉን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይኼ ከቡሎን ወደ ቡሎን የተለካ ነው። መለካት ያለበት ከሞተሩ ዘንግ መሐል ተነስቶ ነው። ሳህኑን እዚያው ሞተሩ ላይ አስረን፣ ዘንጉን እያዞርን በዳያል ጌጅ እናየው» አሉኝ። እኔ ተቻኩዬ ነበር፣ ፈቃዴም እያለቀ ነበር። «ስዕሉ ትክክል ነው» አልኳቸው። «አብሽር፣ ይሁን» አሉና ዝም አሉ።

ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግና ወደ ካምቢዮ የሚገባው ዘንግ በአንድ መስመር መቀመጥ አለባቸው፤ የሚፈቀደው ስህተት ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ይህን ሁላችንም ተምረናል። እኔ ግን የቡሎን ቀዳዳዎቹን የገጠምኩት የካምቢዮውን ሽፋን ጠርዝ መነሻ አድርጌ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ ፍጹም ክብ አልነበረም። መኪናው ተነሳ፣ እልል ተባለ፣ እኔም አዲስ አበባ ተመለስኩ። ወር ሳይሞላ ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ እግሬን ያንቀጠቅጠኛል፣ ከውስጥም ያፏጫል።» ሲፈታ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ የካምቢዮ ዘይት አፍስሶ የፍሪሲዮን ዲስኩን አበስብሶታል። ሽማግሌው አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ሳህኑን አወጡ፣ እንዳሉት ሞተሩ ላይ አስረው በዳያል ጌጅ አስተካከሉ። ሒሳብ ስጠይቃቸው «የብረቱን ብቻ» አሉኝ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ወደ 2,700 ሜትሯ ልመለስ። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። የአባቴ ካርቡራቶር ይህን ስለማያውቅ ለሳሳ አየር ያንኑ ቤንዚን ያፈስ ነበር፤ ካንዴላው ሁልጊዜ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣም ያው ነው፤ ነዳጁ ከአየሩ ይበልጥና ጭሱ ይጠቁራል። ልጁ ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው ያለው ሰው ጥላ የሚዘረጋ ይመስል ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የፖምፓውን የነዳጅ መጠን በጥቂቱ መቀነስ። ትንሽ ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን ሞተሩ አይቃጠልም። ልጁ ጉልበቱ ቀነሰብኝ ብሎ አኮረፈ። በኋላ አንድ ቀን አምስት ኩንታል ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቅ የኋላው አክስል ዘንግ እንደ ሸንኮራ ተቆረጠ። የዚህ ላንድሮቨር የታወቀ ደካማ ጎኑ ይህ ዘንግ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ከታች ጀምሮ ይጎትታል። ተሳፋሪው በእግሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉልበት አላነሳም።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፤ በየጋራዡ የማየው ነገር ስለሚያናድደኝ ነው። ሞተር ይቀይራሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ወንበር ያለብሳሉ፤ ፍሬኑን ግን የሚያይ የለም። የዚህ መኪና ፍሬን አራቱም ከበሮ ነው፣ አጋዥም የለው። የቤንዚኑ ሞተር ጋዝ ሲለቀቅ አየሩ ስለሚዘጋ መኪናውን ይይዘው ነበር፤ ናፍጣው መዝጊያ ስለሌለው አያያዙ ሌላ ነው፣ አባቴ የለመደው ቁልቁለት ለልጁ ሌላ ቁልቁለት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሸራው፣ ሲሊንደሩ፣ ቱቦው ሁሉ እስኪቀየር ሰው እንዳይጭን ከለከልኩት። ሁለት ወር ሥራ ፈታ። እህቴ በዚያ ሁለት ወር «ልጄን ልታስኮበልለው ነው» ብላ አኩርፋኝ ስልክ አታነሳም ነበር። እኔም ትክክል መሆኔን እያወቅሁ ሌሊት ሌሊት እባንን ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር እንደተጻፈ ታውቃላችሁ። ሶማሌ ተራ ግማሽ በማይሞላ ዋጋ አንድ ሞተር ቀርቦልኝ ነበር፤ ዲክላራሲዮን ግን የለውም። ልቤ ወለል አለ፣ ከልዋሽ። ሽማግሌው በስልክ «ወረቀት የሌለው ሞተር የሰው ዕዳ ነው፣ ልጁን እስር ቤት ልትከተው ነው?» ሲሉኝ ተውኩት። ወረቀት ያለውን ገዝተን፣ አስመርምረን፣ አዲሱን ቁጥር ሊብሬው ላይ አስገባን። ከቴክኒኩ ሥራ ይልቅ ይህ ነው ፀጉሬን ያሸበተው።

አሁን ልጁ በገበያ ቀን ከካቤ ወረኢሉ ሰውና እህል ይጭናል። የሄዱት ጓደኞቹ አንዳንዶቹ ከሳዑዲ ፎቶ ይልኩለታል፤ ያየዋል፣ ዝም ይላል። ይቀራል ብዬ አልምልላችሁም፤ ለጊዜው አለ። ባለፈው ወር ሲደውልልኝ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ስለሚሰማው ድምፅ ነበር የጠየቀኝ። ስልኩን ኮፈኑ ላይ እንዲያስቀምጠው ነግሬው ሩብ ሰዓት ያህል ሞተሩን ብቻ አዳመጥኩ። ከሞተሩ ኋላ የእናቴ ዶሮዎች ይሰማሉ፤ ከመኪናው ብትነቅላቸውም ከጎኑ አልራቁም።

በመጨረሻ ውጭ አገር ላላችሁ ወገኖች ልመና አለኝ። የሲሪየስ 2ኤ ረጅሙ የኋላ አክስል ዘንግ፣ ባለ 10 ጥርስ፣ ግራና ቀኙ ርዝመቱ ስለሚለያይ ሁለቱንም እንፈልጋለን። በሻንጣችሁ ሰያፍ ከተቀመጠ ይገባ ይሆናል። ሽማግሌው «አንድ ካመጡ አንድ፣ ሁለት ካመጡ ሁለት፤ ልጁ እንደሆነ ይሰብረዋል» ብለዋል።