ንጎር፦ ከሁለት በኩል የሚመጣ ማዕበል

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ዳካር ነን። የአፍሪካ ዋናው ምድር በምዕራብ በኩል የሚያበቃው እዚሁ አልማዲ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትላንቲክ ብቻ።

እሷ፦ የሰርፊንግ ሀብቷም ከዚሁ ይመነጫል። ምድሩ ወደ ባሕሩ ዘልቆ ስለገባ ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጣውን ማዕበል ይቀበላል። አንዱ ዳርቻ ሲተኛ ሌላው ይነሳል።

እሱ፦ ስመ ጥሩው ግን የንጎር ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው «ዘ ኢንድለስ ሰመር» ፊልም ለዓለም አሳየው።

እሷ፦ ፊልሙ «አገኘው» ሲባል ግን ቅር ይለኛል። የሌቡ ማኅበረሰብ ዓሣ አጥማጆች ያንን ውኃ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያውቁታል!

እሱ፦ ኻጁ ሳምብም ሌቡ ናት፣ የንጎር ልጅ።

እሷ፦ አዎ፣ የሴኔጋል የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሽናል ሰርፈር። ታናናሾቿንም አሠልጥናለች፤ እኔ ከፊልሙ ይልቅ በእሷ እኮራለሁ።

እሱ፦ ለጀማሪስ የቱ ይሻላል?

እሷ፦ ዮፍ። ታቹ አሸዋ ነው፤ ብትወድቅም ብዙ አይጎዳህም። የንጎርና በመስጊድ ሥር ያለው የኡዋካም ማዕበል ግን ቋጥኝ ላይ ነው የሚሰበረው፤ ለለመደ ብቻ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሰሌዳችሁን ከማውረዳችሁ በፊት የሰፈሩን ልጆች ጠይቁ።